ፊት የማይታይበት ቤት ሲገቡ

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ ልጅቷም ወደ እጥበት ቤታችን ጎራ አትልም፣ እኔም ከእናቶቹ የስልክ ግሩፕ ወጥቼ እቀር ነበር።

እኔና አክስቴ የምንሠራው የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት ነው። በዝናብ ቀን እንፋሎቱ መውጫ ያጣና መስኮቱ ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ነጩ ጨርቅ ገመዱ ላይ ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ ሰው ደመና ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። ልጅቷ በሩ ላይ ብቅ ስትል ከዚያ ደመና የወጣች መሰለችኝ። ረጅም ቱቦ በጀርባዋ አዝላለች፤ ከጸጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል። ዝናቡ እስኪያባራ ልጠለል ብላ ለመነችን።

አክስቴ ከራስ እስከ እግሯ አይተዋት፣ "ግቢ ልጄ" አሉ። "የተሸከምሽው ግን ምንድን ነው? የሰው ቤት ጭስ ማውጫ ነቅለሽ ነው?"

የኮከብ ማያ መነጽር መሆኑን እየሳቀች ነገረችን። ተማሪ ናት። ኮከብ መመልከት የሚወዱ ሰዎች በስልክ የሚገናኙበት ግሩፕ አላቸው፤ አዲስ ገቢዎችን የምትቀበለው እሷ ናት። ይህን ስትናገር እኔ ስልኬን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ጣቴ "ውጣ" የሚለው ቃል ላይ ሊያርፍ ትንሽ ነው የቀረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጄ ጆሮ በደንብ አይሰማም። የመስሚያ መሣሪያ ተሰጥቷታል፤ ገና ሳጠልቅላት ግን ታለቅሳለች፣ ነቅላ ትወረውረዋለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ሳትሰማ ከክፍሉ ጥግ ተቀምጣ የምትቀር ይመስለኛል። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ጥግ ላይ መቅረትን አውቀዋለሁ። እንደሷ ያሉ ልጆች እናቶች የሚመካከሩበት ግሩፕ እንዳለ መሣሪያውን የሰጠችን ነርስ ብትነግረኝ ትናንት ጠዋት ገባሁ።

ምን ብዬ ልጀምር ብዬ አክስቴን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም፣ ሰው ቤት የገባ ሁሉንም በየተራ ሰላም ይላል እንጂ አንዱን ሰላም ብሎ ሌላውን አይዘልም አሉኝ። ስለዚህ የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ እየጻፍሁ፣ እንደምን ዋልሽ፣ ልጅሽ እንዴት ነው፣ ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ፣ ስል ዋልሁ። ለእጄም መለማመጃ ሆነኝ። ወደ ማታ የግሩፑ ጠባቂ፣ አድሚን የሚሏት፣ "እባክዎ ሰላምታውን ያቁሙ፤ ከላይ ያለውን ደንብ ያንብቡ" ብላ ጻፈችና መጻፊያውን ለአንድ ቀን ዘጋችብኝ።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ የተረኩላት አክስቴ ናቸው፤ እኔ ከአንሶላው ኋላ ሆኜ ፊቴን እደብቅ ነበር። ሲጨርሱም፣ "ሰላምታ ከሚከለከልበት ቤት ምክር አይገኝም፤ ውጪ ብያታለሁ" አሉ።

ልጅቷ ቱቦዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። "እትዬ፣ ያሉት ደግ ነገር ነው። ግን ሰው ቤት ሲገቡ የተኛ ቢያገኙ፣ ሰላም ልልህ ብለው ይቀሰቅሱታል?"

"ምን በወጣኝ።"

"እዚያ ቤት ፊት አይታይም። ማን እንደተኛ፣ ማን እንደሚያለቅስ አይታወቅም። ደግሞ አንዷን ሰላም ሲሏት የሁሉም በር ነው የሚንኳኳው። ለእያንዳንዷ አንድ ሰላምታ የላካችሁ መስሏችሁ፣ እያንዳንዷ የሁሉንም ስትሰማ ውላለች።"

አክስቴ ይህን አላሰቡትም ነበር፤ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። "እና ጥግ ይዛ የሰው ወሬ ታዳምጥ? ይሄማ ጆሮ ጠቢነት ነው። ዝም ብሎ የሚገባ ወይ ሌባ ነው ወይ ያኮረፈ ባል።"

ልጅቷ ሳቀች። እዚያ የተጻፈው ኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያነበው ተብሎ እንደሆነ፣ ማንበቡም ለጻፉት ክብር መስጠት እንደሆነ በትሕትና ብታስረዳም አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክርክሩ እንዳልቀናት ስታይ፣ "እስቲ ላግዝዎ" ብላ የአንሶላውን ጫፍ ያዘች። አክስቴ ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ፤ አንሶላው እንደ ገመድ ተጠመዘዘ።

"ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ እጄን እይ። ወዴት እንደማጥፍ ሳታይ ጫፉን ይዘሽ ወዴት ትሮጫለሽ?"

ልጅቷ ቆማ የአክስቴን እጅ አየች። ሁለተኛው አንሶላ ቀጥ ብሎ ታጠፈ።

"እትዬ፣ አሁን ሰደቡኝ ወይስ አስተማሩኝ?"

"አስተማርኩሽ እንጂ።"

"አድሚኗም ያለቻት ይህንኑ ነው። አነጋገሯ ደረቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ እጄን እይ ማለቷ ነው።"

አክስቴ ያን አንሶላ እያጠፉ እያጠፉ መሐረብ አሳከሉት።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረችና ትናንት በግሩፑ የተጻፈውን ጮክ ብዬ እንዳነብ ጠየቀችኝ። ፊደሎቹን እየለቀምሁ በራሴ ሰላምታ መካከል ሄድሁ፤ በተሰጣ አንሶላ ውስጥ እንደመሄድ ነበር፣ አንዱን ስገልጥ ሌላው ይመጣል። ከመካከሉ የአንዲት እናት ጽሑፍ አገኘሁ። "ልጄ የመሣሪያዋን ባትሪ የዋጠች መሰለኝ። ምን ላድርግ?" ይላል። ልክ ከሥሩ እኔ በስሟ ጠርቻት፣ "እንደምን ዋልሽ? ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ?" ብያታለሁ። ለካ ስሟን እንጂ የጻፈችውን አላነበብሁም ነበር።

ስልኩን ዝቅ አደረግሁ። አክስቴ ቀጥይ አሉኝ። ከዚያ በታች የእኔ ሰላምታ፣ አሁንም ሰላምታ፤ ደግሞ ያቺው እናት፣ "እባካችሁ፣ ማንም የለም?" እንደገና ሰላምታ። በመጨረሻ አድሚኗ አይታ፣ "አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሩጪ፤ እዚህ መልስ አትጠብቂ" ብላታለች። እኔን የዘጋችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ጠዋት እናቲቱ፣ "አወጡላት። ደህና ናት" ብላ ጽፋለች።

አክስቴ የያዙትን አንሶላ አስቀመጡ።

"ያጻፍኩሽ እኔ ነኝ" አሉ በዝግታ። "በይ ያን ደንብ አንብቢልኝ፤ ከመጀመሪያው።"

አነበብሁ። አዲስ ገቢ አንድ ጊዜ ለሁሉም ሰላም ይበል። ከመጠየቁ በፊት ያንብብ፤ ጥያቄው ቀድሞ ተጠይቆ እንደሆነ ይፈልግ። በጭንቅ የተነገረን ነገርና የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ከግሩፑ አያውጣ፤ እዚህ ሲደርስ አክስቴ፣ "ይሄንንስ ጎረቤቶቼም ባነበቡት" አሉ። መልስ ያገኘ ደግሞ ያመስግን፣ የሆነለትንም ይንገር፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣ አለና።

ልጅቷ መፈለጊያውን አሳየችኝ። "ነቅላ ትጥላለች" ብዬ ጻፍሁ። ለካስ የእኔን ጭንቀት ስንቷ እናት ተጨንቃው፣ መልሱም እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። ጸጥ ባለ ክፍል ጀምሪ፤ የምትወደውን ድምፅ አሰሚያት፤ ካለቀሰች በኋላ ሳይሆን ሳታለቅስ አውልቂላት ይላል። ቀና ስል ዝናቡ አባርቶ፣ ልጅቷ ጭስ ማውጫዋን አዝላ ሄዳለች።

በማግስቱ አንድ መስመር ብቻ ጻፍሁ፤ "ጤና ይስጥልን ለሁላችሁም፤ ስላስቸገርሁ ይቅርታ፤ እያነበብሁ ነው።" ከዚያ ዝም ብዬ አነበብሁ። ልጄ የምትወደው ድምፅ አንሶላ ሲራገፍ የሚሰጠው ጧ የሚለው ድምፅ ሆኖ ተገኘ። አክስቴ በየምሽቱ አልጋዬ አጠገብ ቆመው ያራግፉላታል፤ እሷም መሣሪያዋን አድርጋ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ እጃቸውን እያየች "ድገሚው" ትላለች። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሳትነቅለው ዋለች።

ዝም ብሎ ማንበብ ጠቀመኝ የምለው ለልጄ ብቻ አይደለም። የእኔም ንባብ ፈጠነ። የተጠየቀውን ደግሜ ስላልጠየቅሁ ማንንም አላሰለቸሁም፤ በጠየቅሁ ጊዜም ፈጥነው መለሱልኝ። እንግዳ ሰው ቦታው የሚታወቀው ቶሎ በመናገሩ ሳይሆን፣ የሚናገርበትን ጊዜ በማወቁ ነው።

ደንቡ እንደሚለው የሆነልኝን ጻፍሁ። ከሥሩ ያቺ የባትሪዋ እናት መለሰችልኝ፤ "ያን ቀን ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ቤተሰቡ ደህና ነው። ያንቺስ?"

አክስቴ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉና፣ "መልሺላት" አሉኝ። "ግን ለእሷ ለብቻዋ ይሁን። ሌሎቹ ተኝተው ይሆናል።"