ተዘግቶም ይጮህ ነበር

ጀበል ገበያ አጠገብ ባለው የአክስቴ ምግብ ቤት፣ ውስጡ ሲሞቅ የሚጮህ ፍሪጅ ነበረን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይጮሃል። ድምፁን የማጠፋው እኔ ስለሆንኩ አስተናጋጆቹ «ሂጂ፣ ጥጃሽ ተራበ!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ፍሪጅ ሠሪው ጋሽ ሙሉጌታ መጣና በሰው ሁሉ ፊት፣ «የኔ ልጅ፣ የሚጮኸው ሲከፈት ብቻ ነው?» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ተዘግቶም ይጮህ ነበር። ግን ሁሉም ሲያዩኝ አፈርኩና «አዎ» አልኩ። «እንግዲያው በትንሽ ሙቀት እንዳይጮህ አድርጌዋለሁ። ኸላስ፣ አለቀ፣ ተገላገላችሁ!» ብሎ ሄደ።

እውነትም ተገላገልን። የአክስቴ የስኳር መድኃኒት ግን እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነበር። መርፌዋን አንድም ቀን ሳታቋርጥ፣ በሳምንቱ ራሷን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሙቀት እንዳበላሸው ነገረን። ጋሽ ሙሉጌታ ሊጠይቃት መጥቶ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ፤ በደንብ አላጣራሁም» አላት። እኔ እግርጌዋ ቆሜ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ አላጋለጠኝም።

አክስቴ ድናለች። እሱን ግን ለሥራ ዳግመኛ አልጠራችውም፤ እኔም እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።