ከፊርማችን በላይ የቀረው ስንዝር

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ ሰላም፣ ሰው የፈረመበትን ወረቀት እንደ መሬቱ ድንበር ያውቀው ነበር። እኔ እዚህ አቃቂ ፋብሪካ ስቀጠር ሥራዬ የጨርቅ ጥቅል መቁጠር ነበር፣ ኋላ የራሴን የብረት በር መሥሪያ ስከፍትም ቆጠራው አልለቀቀኝም። እዚህ ገላን ኮንዶሚኒየም እኔ ቤት ለመድረስ አምሳ አራት ደረጃ ነው፣ አስራ ሰባተኛው ተሰንጥቋል። ትስቂያለሽ፤ ሳቂ። ግን አሁን የነዋሪዎች ማህበሩ ጸሐፊ ሆነሻል፣ እና «ጋሼ ደጀኔ፣ ኮሚቴው ከፈረመ በኋላ የተረሳች ነገር ብጨምር ምን አለበት?» አልሽኝ። እሱን ነው የምመልስልሽ።

ካንቺ በፊት ጸሐፊያችን ፍስሃ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፣ ይህን ያዥልኝ። ታዲያ ጉባኤው የግቢውን በር ጉዳይ አጥኑ ብሎ አምስት ሰው መረጠ፣ እኔና ፍስሃም ከአምስቱ ነን። ሦስት ጊዜ ተቀመጥን፣ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ በሩ በአንድ ሜትር ይስፋ፣ ባጃጅም ውጭ ይቁም አልን። ፍስሃ በኮምፒውተር ጽፎ፣ አትሞ አመጣ። አስራ አንድ መስመር። ቆጠርኩት።

እና ፊርማ ላይ ደረስን። ወረቀቱ መጀመሪያ የደረሰው ከሁላችን በዕድሜ የሚያንሰው ጋ ነው፣ «ኧረ ከታላላቆቼ በላይ አልፈርምም» አለና ወደ ታች ወርዶ ፈረመ። ቀጣዩም «ለጋሼ ቦታ እንተው» ብሎ ከእሱ አጠገብ። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ሰው ከታች ተደርድሮ፣ ለእኔ ላዩን ትተው ሰጡኝ። እኔስ? እኔ ደግሞ «ከሰው በላይ ምን ያስቀምጠኛል» ብዬ ከሁሉም በታች፣ ጠርዙ ላይ ፈረምኩ። «ጋሼ፣ ይህን ያህል ትሕትና» አሉኝ። ደስ አለኝ። ታዲያ በጽሑፉና በፊርማችን መሀል አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ ቀረ። ይህን ሁሉ የሚቆጥር ሰው ያንን ስንዝር አልቆጠረም።

እሁድ ጉባኤው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ስልሳ ሦስት ሰው። ሰብሳቢያችን ወይዘሮ አስናቀች ነበሩ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ እንደ ተማሪ ነው ጸጥ የሚያደርጉን። ፍስሃ ሪፖርቱን ያነባል፣ እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ፣ ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ አንድ፣ አለቀ ብዬ ጣቴን ስሰበስብ እሱ ቀጠለ። «በተጨማሪም በበሩ አጠገብ ያለው የአትክልት መሸጫ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከቦታው ይነሳ።»

ዘሃራን ታውቂያታለሽ፣ በሩ ጋ ጃንጥላ ዘርግታ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጠውን፣ ከወሎ የመጣችውን። ሦስት ልጆቿ የሚያድጉት በዚያች ጃንጥላ ነው። ደግሞ ተከራይ ናት፣ የማህበሩ አባል አይደለችም፣ ጉባኤ ላይ እጅ ማውጣት አትችልም። እና እዚያው በሩ ጋ፣ እኛን እያየች፣ ምንም ሳትሰማ ሽንኩርቷን ትልጣለች። «ይነሳ» ከሚለው ስር ደግሞ የእኔ ፊርማ አለ።

ተነሳሁ። «ፍስሃ፣ ስንት መስመር ነው?»

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ መስመር ልንቆጥር ነው?» ሰው ሳቀ።

«አዎ፣ እንቆጥራለን። ስፈርም አስራ አንድ ነበር።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት፣ አስራ አራት። ወረቀቱን መልሶ ማተሚያው ውስጥ ከቶ፣ በዚያች በተውንለት ስንዝር ሦስት መስመር አትሞበታል፣ ትንሽ ዘመም ብለዋል። እሱም አልካደም። «ካለቀ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ ጋሼ። ጃንጥላዋ እያለ ባጃጅ አይዞርም። ሁሉም የሚስማማበት ነገር ስለሆነ ብዬ ነው።»

«ማንን ጠየቅህ?»

ወረቀቱን እንድመልስለት እጁን ዘረጋ።

ከኋላ አንዱ «ኧረ እናጽድቀውና እንሂድ፣ ፀሐዩ በረታ» አለ። ብዙ ሰው አጉረመረመ። ታዲያ ፈራሁ፣ አልደብቅሽም፣ በፀሐይ ሙቀት ስንት ነገር ሲጸድቅ አይቻለሁ። ወይዘሮ አስናቀች ግን መነጽራቸውን አውልቀው «ቆይ፣ የኮሚቴ ሪፖርት ማለት ኮሚቴው አብሮ ተቀምጦ የተስማማበት ነው። ይሄ የተጨመረው የኮሚቴው ነው?» አሉ። አራታችን አይደለም አልን። «እንግዲያው ጉባኤው የሚሰማው አስራ አንዱን መስመር ነው። ሦስቱ የፍስሃ ነው። ፍስሃ ከፈለገ እንደ ማንኛውም አባል ተነስቶ፣ በራሱ ስም ሐሳብ ያቅርብ፣ ደጋፊ ካገኘ እንወያያለን።»

አስራ አንዱ መስመር ጸደቀ። ከዚያ ፍስሃ ተነሳ። አየሽ፣ «ኮሚቴው እንዲህ ይላል» ማለት ቀላል ነው፣ «እኔ ፍስሃ ዘሃራ ትነሳ እላለሁ» ማለት ግን ሌላ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወደ በሩ አየ፣ እሷም ቀና ብላ አየችው፣ እንደ ደንበኛዋ ፈገግ አለችለት። እሱም ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረው፣ ተናገረው እንጂ አልሸሸም።

«ደጋፊ አለ?»

እጅ ቆጠርኩ። ምንም። ሰው ሁሉ ወደ ፍስሃ ሚስት ዞረ፣ እሷ ደግሞ እግሯ ስር ፌስታል አስቀምጣለች፣ ከፌስታሉ የዘሃራ ቲማቲም ብቅ ብሏል። እሷም ዝቅ ብላ ፌስታሉን ማሰር ጀመረች፣ ስታስር ቆየች። ፍስሃ ራሱ ሳቀና ተቀመጠ።

የባጃጁ ነገር ግን እውነት ነበር። በማግስቱ እኔና ፍስሃ ሄደን በሜትር ለካን፣ ዘሃራን ለመንናት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ግድግዳው ተጠጋች፣ ባጃጁም ዞረ። «እናንተ ለሁለት እርምጃ ነው ግቢ ሙሉ ሰው የሰበሰባችሁት?» አለችን። ስለ ሦስቱ መስመር እስከ ዛሬ አልነገርናትም።

ታዲያ ልጄ፣ የተረሳ ነገር ካለ ኮሚቴውን መልሰሽ ሰብስቢ። ጊዜ ካጣሽ በራስሽ ስም ተናገሪ። በሰው ፊርማ ላይ ግን አትጨምሪ። እኛም ጥፋተኞች ነን፣ ቦታውን የሰጠነው በጨዋነታችን ነው። ትሕትና ለሰው ነው የሚደረገው፣ ለወረቀት ምን ይደረግለታል?

«እሺ ጋሼ» አለች ሰላም፣ የጻፈችውን ወደ እሳቸው እየገፋች። «የነገሩኝን ሁሉ አስፍሬዋለሁ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኛ።»

ጋሽ ደጀኔ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ቆጠሩ፣ ከዚያም ፊርማቸውን ከመጨረሻው ቃል ጋር አጣብቀው አኖሩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ፊደሉን ነካው።»

«ይንካው» አሉና ሳቁ።