የልደት ሙዝ

ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ወሬ አልሰማም ማለት አይቻልም። ከመርካቶ ወደ ሰቶ ሰመሮ ስንሄድ መሀላችን የተቀመጠች እናት ሁለት ፌስታል ሙሉ ሙዝ ታቅፋለች። ከወዲያ በኩል ያሉት ሽማግሌ ጠየቋት።

«ድግስ አለ እንዴ ልጄ?»

«የልጄ ልደት ነው፣ አባባ። ለክፍሏ ልጆች ትምህርት ቤት ልወስድላት ነው።»

«ዘንድሮ ልደት በኬክ አይደል እንዴ?»

«አብሯት የሚቀመጠው ልጅ ለውዝ አይስማማውም። ትንሽ ከቀመሰ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ኬክ ቤቱ ደግሞ ኬኩን ለውዝ አልነካውም ብሎ ሊያረጋግጥልኝ አልቻለም።»

«ታዲያ ቆሎ አይሻልም?»

«ትናንት ቆልቼ ነበር። ገብስና ሽንብራ ብቻ።»

«የታለ?»

«ጎረቤት በላው። ልጄ ምጣዱን አየችና ‹እማዬ፣ ባለፈው ለውዝ የቆላሽው በዚህ አይደል?› አለችኝ። እኔ ረስቼዋለሁ።»

«አጥበሽው ይሆናላ።»

«ምጣድ መች ይታጠባል፣ አባባ? በጨርቅ ነው የሚወለወለው።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ሙዙን ማን መረጠ?»

«ራሱ ልጁ። ‹ምን ትበላለህ?› ብላ ጠይቃው መጣች። አምና ሌሎቹ ኬክ ሲበሉ እሱ ደጅ ተቀምጦ ነበር። ‹በእኔ ልደት ማንም ደጅ አይቀመጥም› አለች።»

«ስንት ሞላት?»

«ዛሬ ስምንት።»

«ማሻ አላህ። ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው ልጄ። አላህ ያሳድጋት።»

እኔ እስከዚያ ስቆረጥመው የነበረውን ለውዝ ቀስ ብዬ ቋጠርኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።