ለመጨረሻዋ የተቆረሰ ኬክ

ለንደን ውስጥ ወደ አርችዌይ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት አጎትና የእህቱ ልጅ ናቸው። ልጅቷ ዳገት ቁልቁለቱን በሚሮጡበት የበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክላ ከተወዳደረችበት የዓለም ውድድር መመለሷ ነው።

«አልወርድም፣ ጋሼ።»

«ሰው አዳራሹን ሞልቶ እየጠበቀሽ? ኬኩ ላይ እኮ ስምሽ ተጽፏል!»

«መጨረሻ ነው የወጣሁት። ሪዛልቱን ቼክ አላደረጉም?»

«አይተናል። ታዲያ ምን አለበት? በረዶ የኛ አይደለም። መሳተፍሽ ራሱ ድል ነው።»

«ይኸው! በማራቶን መጨረሻ ብወጣስ?»

«በማራቶንማ...»

«ይጨርሱት እንጂ።»

«በማራቶንማ ዓይንሽን አላይም ነበር። አገር አዋረድሽ ብዬ ልክ ልክሽን ነበር የምነግርሽ።»

«ታዲያ አሁን ለምን አይነግሩኝም? ይህን ሁሉ ዓመት ትሬይን ያደረግኩት ለቀልድ ነው? የመጀመሪያው ዳገት ላይ ጉልበቴን ጨረስኩ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ በረዶው አይደለም!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! አንድ ሰው እንኳ ለምን ተሸነፍሽ አላለኝም። ሁሉም ያጨበጭባል። ድሮም አታሸንፍም ብላችሁ ነዋ!»

«እንደሱ አይደለም፣ የኔ ቆንጆ። ለኛ እኮ አንደኛ ነሽ።»

«በቃ! ይውረዱልኝ!»

«ስለ ኬኩስ ምን ልበላቸው?»

«ይብሉት!»

አውቶቡሱ ቆመ፣ አጎትየው እየተነጫነጨ ብቻውን ወረደ፣ እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እኔም ሸምግዬ ፊደል ስቆጥር፣ ስሜን አጣምሜ ሰሌዳው ላይ በጻፍኩ ቀን ክፍሉ በሙሉ ያጨበጨበልኝ ትዝ አለኝና ጥርሴን ነከስኩ።