አማት ያስተረጎሙት ምክር

ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚኒባስ ስንመጣ፣ ከፊቴ ከተቀመጡት ሁለት ሴቶች አንዷ ሌላዋን ትኩር ብላ አየቻትና በተሰባበረ አማርኛ ወሬ ጀመረች።

«ሲስተር፣ አንተ እኔን ረሳኸኝ።»

«ይቅርታ እህቴ፣ የት ነው የምንተዋወቀው?»

«እኛ ቀበሌ፣ ክሊኒክ። ክልሉ አዲስ የሆነ ጊዜ። እኔ አማርኛ አላውቅም ነበር፣ የባሌ አባት አስተረጎመ።»

«አስታወስኩሽ! ባልሽ ሌላ ሴት ጋ ይሄዳል ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

«እሱ ለእኔ እንደዚህ አላለም። ራስ ምታት አለ ወይ አለኝ። የለም አልኩ።»

«ኧረ! ‹አይሄድም አለች› አሉኝ እኮ! ስለ ኮንዶሙስ? ያን ሁሉ አስረድቼሽ!»

«ሲስተር ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ይላል አለኝ። ወላሂ፣ እኔ ሁልጊዜ አፈላሁ።»

«እኔ ደግሞ አንገትሽን ስትደፊ፣ የገባሽ መስሎኝ።»

«በእኛ አገር የባል አባት ፊት ቀና አይባልም። እሱስ ምን ያድርግ? ይሄን ነገር ለልጁ ሚስት በምን አፉ ይናገራል?»

«በር ላይ ያን ያህል ሴት ተሰልፎ፣ አንዷን ጠርቼ ባስተረጉም ምን ነበረበት! ባልሽስ?»

«ሞተ፣ አላህ ይማረው። እኔም በሽታው አለ። አሁን አሶሳ መድኃኒት ላመጣ ነው።»

«ሽማግሌውስ?»

«አለ። ጠዋት ጠዋት ‹መድኃኒት ዋጥሽ?› የሚለኝ እሱ ነው።»

«ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ፣ አሶሳ መግቢያ ላይ ያለውን ቤቴን አልፌ ሄድኩ።