ሚስኮል የማይገባው ማሽን

ከሸሕዲ ወደ መተማ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬና እጁ በጨርቅ የታሰረ ወጣት ያወራሉ።

«እጅህ ምን ሆነ ልጄ?»

«ማጭድ ነው አባቴ።»

«የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ አላልኸኝም?»

«ነኝ እንጂ። ለአንድ የሰሊጥ ባለሀብት የስልክ ሰርቨር የሠራተኞች ስም ከተመዘገበበት ዳታቤዝ ጋር አገናኘሁላቸው። ሠራተኛ ሲደውል ማሽኑ ራሱ ያነሳል፤ በቁጥሩ ስሙን ፈልጎ ‹እገሌ፣ እዚህኛው ማሳ ግባ› ይለዋል።»

«ታዲያ?»

«ሰሊጡ ደረሰ፤ የመጣ ሰው የለም። ዳታቤዙን ስፈታ ስገጥም ሰነበትሁ። ለካ ሁሉም ማሽኑ ሳያነሳ ሚስኮል አድርገው ይዘጉና፣ ማሽኑ መልሶ እስኪደውልላቸው ሸሕዲ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ!»

«ምን ያድርጉ? መደወል ያለበት ባለሀብቱ አይደል?»

«እኔም ገና አንዴ ሲጮኽ እንዲያነሳ አደረግሁት።»

«ጎሽ!»

«ምን ጎሽ አለው! ‹ካርዳችንን በላው› ብለው ተራግመው የሌላ ሰው ማሳ ገቡ።»

«ሰሊጡስ?»

«ይረግፍ ጀመር። ባለሀብቱ ‹ማሽንህ ሰው ካልጠራልኝ አንተው ና› ብለው ማጭድ አስያዙኝ። እሱንም አላወቅሁበት፤ እጄን አጨድሁት።»

የወጣቱ ስልክ አንዴ ጮኾ ዝም አለ።

«ማን ነው?»

«እናቴ ናት። ደውልልኝ ማለቷ ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«ስልክ ከገዛሁላት ጀምሮ።»

«ይህን እያወቅህ ነው?»

«እያወቅሁ አባቴ።»

እኔም ስልኬን አወጣሁና ጠዋት አንዴ ጮኾ የተዘጋውንና መልሼ ያልደወልሁለትን ቁጥር አየሁት።