ሞርፊን አልወስድም ያሉት ወታደር

ነርስ ነኝ፤ የማይድኑ በሽተኞችን ቤታቸው እየሄድኩ አስታምማለሁ። አቃቂ አንድ ጡረተኛ ወታደር ነበሩ። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ሕመሙ ሲነሳባቸው ትራስ ይነክሳሉ እንጂ የሞርፊኑን ሽሮፕ አይቀምሱም። ልጃቸው ለምና ለምና ሰለቻት። አንድ ቀን፣ "አባባ፣ ለምንድን ነው የማይወስዱት?" አልኳቸው።

"ለቁስለኛ ይቆይ" አሉኝ። ለካ ግንባር ላይ ድሬሰር ሆነው ቁስለኛ ያክሙ ነበር። መድኃኒት ሲያልቅ ለማን ሰጥተው ማንን እንደሚያልፉ የሚመርጡት እሳቸው ነበሩ። "ያለፍኳቸው ሲጮኹ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።"

ጎንበስ ብዬ፣ "ዛሬ ከእርስዎ በቀር ቁስለኛ የለም" አልኳቸው።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

አፋቸውን ከፈቱልኝ፤ ሽሮፑን በማንኪያ ሰጠኋቸው። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ቦርሳዬን አንግቤ ወጣሁ፤ ኮዬ ፈጬ ሞርፊን የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ ነበረኝ።